ጤነኛ ጎልድፊሽ ስትገዙ በመጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?

የልደታ እናት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጆቼ ሲለምኑኝ ቆይተው በመጨረሻ መስታወት ሠሪ ዘንድ የዓሣ ገንዳ አሠርተናል፤ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ማጣሪያውና የአየር ፓምፑ ተገዝተዋል፣ የቀረው ዓሣው ነው። ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ሱቅ ልንሄድ አስበናል። ትልቁ ልጄ ዓይኑ የፈጠጠውን ጥቁሩን፣ ትንሿ ደግሞ ሰውነቱ ቀጠን፣ ጭራው ረዘም ያለውን ብርቱካናማውን ፎቶ ላይ አይተው መርጠዋል።

የጎረቤታችን ዓሦች በተገዙ በሳምንታቸው አልቀው ልጆቿ ያለቀሱትን ለቅሶ አይቻለሁና ያ ነገር ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም። ሻጩ ሁሉም ጤነኞች ናቸው ማለቱ አይቀርም። እኔ ራሴ ቆሜ ምኑን ልይ? ሁለቱንስ በአንድ ገንዳ ማኖር ይቻላል?

የገንዳ ወዳጅ (አራት ኪሎ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ ዓሣውን በመጨረሻ እዪው። መጀመሪያ የሚታየው የተቀመጠበት ገንዳ ነው። በአንድ ገንዳ ያሉ ዓሦች ሁሉ አንዱን ውሃ ነው የሚተነፍሱት፤ ጥግ ላይ የሞተ ዓሣ ካየሽ በዚያ ገንዳ ውስጥ የቱንም ያህል የሚያምር ቢኖር ተይው። ውሃው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከያዘ መድኃኒት ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ምን እየታከመበት እንደሆነ ጠይቂ። መረባቸውንም ልብ በዪ። አንዱን መረብ ሳያጸዳ ከገንዳ ወደ ገንዳ የሚያዞር ሱቅ በሽታውንም አብሮ ያዞራል።

ገንዳው ከተስማማሽ መስታወቱን ሳታንኳኪ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ ጊዜም ስጪው። ጎልድፊሽ ሰው ሲቀርበው ምግብ የመጣለት ስለሚመስለው ወደ መስታወቱ ይሮጣል፤ በዚያ ግርግር መካከል ደካማውን ከብርቱው መለየት ያስቸግራል። ረጋ ሲሉ ትንፋሻቸውን ተመልከች። የስንጥባቸው ክዳን በሁለቱም ጎን በእኩል ምት መከፈትና መዘጋት አለበት። በአንድ ጎን ብቻ የሚተነፍስ፣ ወይም ክዳኑ ተገልጦ የቀረ ዓሣ ስንጥቡ ላይ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ትንፋሽን ከቀለምም ከቅርጽም የማስቀድመው ከተማችን ባለችበት ከፍታ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ እኛ ዘንድ 7 እንኳን አይሞላም። በውጭ አገር ጽሑፎች ላይ ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ተብሎ የተቀመጠው ስሌት ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ለዓሣው ጠባብ ነው። የሱቁ ዓሦች በሙሉ ላይ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ጥፋቱ የገንዳው ነው፤ ወይ ኦክስጅን አጥሯል ወይ ውሃው ተበክሏል። ሌሎቹ ተረጋግተው አንዱ ብቻ የሚያለከልክ ከሆነ ግን ችግሩ ከዚያ ዓሣ ጋር ነው።

ደግሞ ይህ ዓሣ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ፍጥረት አይደለም። ኦክስጅን ሲያጥረው ጡንቻው ውስጥ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል፤ ሌላ ዓሣ በሚሞትበት ውሃ ውስጥ እርሱ ይቆያል። አለመሞቱ ግን የጤንነቱ ማስረጃ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሲታገል የከረመ ዓሣ ቤት ደርሶ ይሞትና ሰው ጎልድፊሽ አይበረክትም ይላል። በደህና ገንዳ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ ከዚያም በላይ የሚኖር ዓሣ ነው እኮ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ቲሽ የተባለች ጎልድፊሽ በባዛር ጨዋታ ከተገኘችበት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖራ የሞተችው በ1999 እ.ኤ.አ. በ43 ዓመቷ ነው።

ኩሬ ጠባቂ (ስድስት ኪሎ) | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ የገንዳ ወዳጅ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጊያቸው።

ጭራው የረዘመው ኮሜት ይባላል። ሰውነቱ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ አድጎ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የኩሬ ዓሣ ነው። ዓይኑ የፈጠጠው ጥቁሩ ብላክ ሙር ነው፤ ዓይኑ ወጣ ያለ ይሁን እንጂ በደንብ አያይም፣ ክብ ሰውነቱም እንደ ልቡ አያስዋኘውም። ምግብ በተጣለ ቁጥር ኮሜቱ ጠራርጎ ጨርሶ ጥቁሩ ገና ይፈልጋል። በዚህ ዓይነት በአንድ ገንዳ ውስጥ አንዱ እየወፈረ ሌላው እየከሳ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ሰዎቹም የከሳውን በሽተኛ ነው ብለው መድኃኒት ያጠጡታል። ለትንሿ ልጅሽ ብርቱካናማ ፋንቴል ወይም ሪዩኪን ፈልጊላት። ሁለቱም ጭራቸው ድርብ፣ ሰውነታቸው ክብ ነው፤ ከጥቁሩ ጋር በእኩል ይሄዳሉ።

ሌላው፣ ዓሣውን ከጎን ብቻ አትዪው። ቻይናውያን ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ ይህን ዓሣ ሲያረቡ በኩሬና በሸክላ ጋን አኑረው ከላይ እያዩ ነበር የሚመርጡት፤ የመስታወት ገንዳ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። እኔም በኩሬ ስለማረባ ከላይ ማየት ልምዴ ነው። ሻጩን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስመጪና ዓሣውን እዚያ ውስጥ ያስገባልሽ። ከላይ ስታዪው ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ትከሻው ሞላ ብሎ ወደ ጭራው እየጠበበ ይሂድ። ጭንቅላቱ ገዝፎ ትከሻው ጎድጎድ ያለ ዓሣ ለብዙ ጊዜ ሳይበላ የኖረ ነው፣ የውስጥ ተውሳክም ሊኖርበት ይችላል። ሲዋኝ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል፣ ወይም ቆም ሲል ያለ ፈቃዱ ወደ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ የአየር ከረጢቱ ታውኳል። ክብ ሰውነት ያላቸው ዓይነቶች ሆድ ዕቃቸው ስለሚጨናነቅ ለዚህ ሕመም የተጋለጡ ናቸው፤ ሕመሙ ጀምሮት የሚገዛ ዓሣ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያስቸግራል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ሥራዬ በአብዛኛው ከብቶችና ውሾች ላይ ነው፤ ጎልድፊሽ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በቤቴ አለ። ስለ ሰውነቱ ምርመራ ልጻፍ።

ክንፉ ይዘርጋ። በተለይ የጀርባ ክንፉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ እንደ ራንቹ ያሉት ዓይነቶች ብቻ በተፈጥሯቸው የጀርባ ክንፍ የላቸውም። ክንፉን አጣብቆ ታች የሚቀመጥ ዓሣ እየተሠቃየ ነው። ቅርፊቱ ለሰውነቱ ልክክ ይበል። ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ የተገለበጠ ዓሣ ኩላሊቱ መሥራት አቅቶታል፤ እዚህ ደረጃ ከደረሰ የሚድነው በጣም ጥቂቱ ነው። ዓይኑ ጥርት ያለ ይሁን። ሰውነቱን ከጠጠር ወይም ከመስታወት ጋር እየፈተገ በድንገት የሚወረወር ዓሣ ቆዳው ላይ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል። ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ከጎኑ ተንጠልጥሎ ሥሩ ከቀላ ደግሞ መልሕቅ ትል የሚባለው ተውሳክ ነው፤ በዓይን ይታያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጫጭ ነጥቦች ላይ ነው። ነጭ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ በሰውነቱና በክንፎቹ ላይ ያለ ሥርዓት፣ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ተበታትኖ ይወጣል። እንደዚህ ያለ አንድ ዓሣ እንኳን ካለ መላው ገንዳ ተበክሏል። ሆኖም ወንድ ጎልድፊሽ ለመራባት ሲደርስ በስንጥቡ ክዳን ላይና በፊት ክንፎቹ የመጀመሪያ አጥንት ላይ ብቻ በሥርዓት የተደረደሩ ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ያወጣል። ይኸኛው የጤና ምልክት ነው። ኦራንዳ ላይም ግንባሩ ላይ ያለው ሥጋ እያደገ ሲሄድ ነጣ ነጣ ይላል፣ እርሱም በሽታ አይደለም።

ቀለም አያታልላችሁ። በጨለማ የቆየ ዓሣ ይደበዝዛል፤ ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል። ብላክ ሙር ከዓመታት በኋላ ወደ ነሐስ ወይም ወደ ብርቱካን ቢለወጥ ተፈጥሮው ነው። ብርቱካናማ ዓሣ ላይ በቅርቡ የወጣ ጥቁር ጥላ ካያችሁ ግን ብዙ ጊዜ በአሞኒያ ተቃጥሎ እየዳነ ያለ ቁስል ነው፤ ውሃው ምን እንደነበረ ይነግራችኋል።

ካዛንቺስ ያደግሁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እንዲህ ስታከብዱት አዲስ ገዢ ይሸሻል። እኔ ገዝቼ በቀጥታ ገንዳዬ ውስጥ አስገባለሁ፣ አንድ እፍኝ ጨው እጨምራለሁ፣ ያልቃል። ጨው ሁሉንም ይገድላል። የሞቱብኝ ጥቂት ናቸው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ወንድሜ፣ ጨው ይጠቅማል፤ እፍኝ ግን መለኪያ አይደለም። ለጎልድፊሽ በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም ያህል በቂ ነው፣ እርሱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት ጊዜያት ተከፋፍሎ። ሱቅ የሚሸጠው አዮዲን ያለው ጨው በዚህ መጠን ዓሣውን አይጎዳም። ጨው አይተንም፤ ውሃው በትነት ሲጎድል ጨው ጨምሮ መሙላት መጠኑን ሳይታወቅ ከፍ ያደርገዋል፤ የሚጨመረው በተቀየረው ውሃ ልክ ብቻ ነው። ገንዳው ውስጥ ተክል ካለ ደግሞ ሊሞት ይችላል።

ሁሉንም ይገድላል የሚለውን ግን አልቀበልም። የነጭ ነጠብጣብ ተውሳክ ዓሣው ቆዳ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ጨውም መድኃኒትም አይደርስበትም፤ የሚሞተው ከቆዳው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው። ሞቃት ውሃ ውስጥ ይህ ዑደት በሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል። ገንዳችን ያለ ማሞቂያ ከ17 እስከ 20 ዲግሪ በሆነበት በአዲስ አበባ ግን ይዘገያል፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። አዲስ ዓሣ አራት ሳምንት ለብቻው ይቆይ የምንለው ለዚህ ነው። ሌላ ገንዳ መግዛት አያስፈልግም፤ ንጹሕ ትልቅ ሳፋ፣ የአየር ፓምፕ፣ ከላይ ደግሞ እንዳይዘል መረብ ይበቃል። አንቺ ግን እህቴ፣ ገንዳሽ ባዶ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓሦችሽ እዚያው ገንዳ ውስጥ ሊቆዩ ይችላሉ። ሳፋው የሚያስፈልግሽ በኋላ ሌላ ዓሣ ስትጨምሪ ነው።

ካዛንቺስ ያደግሁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ስለ ዑደቱ አላውቅም ነበር። ሳፋ ቤት አለ፤ ለሚቀጥለው ዓሣ እጠቀምበታለሁ። ይሁንና ጨውን ከቤቴ አላጠፋም።

የገንዳ ወዳጅ (አራት ኪሎ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

የልደታ እናት፣ ትናንት መጠየቅ የነበረብኝን ልጠይቅሽ፦ ገንዳሽ ውሃ ተሞልቶ ማጣሪያው መሥራት ከጀመረ ምን ያህል ጊዜው ነው?

የልደታ እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ገና አልተሞላም። ዓርብ ማታ ሞልተን ቅዳሜ ዓሣውን ልናስገባ ነበር ሐሳባችን።

የገንዳ ወዳጅ (አራት ኪሎ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እንግዲያው ቅዳሜ ሱቅ ሂዱ፣ ግን እንዳትገዙ። ለማየት ብቻ ሂዱ። የጎረቤትሽም ዓሦች ያለቁት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እርሱም መርዝ ነው፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ በተለምዶ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም ይዘገያል። ትናንት በተሞላ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች ገና ስላልበዙ በጣም ጤነኛው ዓሣ እንኳን በገዛ ራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። በሳምንቱ መሞቱ የሚያስገርም አይደለም።

ውሃውን ዛሬ ሙዪው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለውና አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይደር፤ የአየር ፓምፑን ብታስገቢበት ክሎሪኑ ቶሎ ይወጣል። ክዳኑ በተዘጋ ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ ክሎሪኑ ወጥቷል ብለሽ እንዳታምኚ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣውን ድፍርስ ውሃ አትጠቀሚበት። ከዚያ ማጣሪያውን አስነሺና በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣይበት፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያዎቹም በዚያ ያድጋሉ። እኔ ለዓመታት በሽታ ካልገባበት ገንዳዬ ማጣሪያ ላይ ስፖንጅ ቆርጬ እሰጥሻለሁ፣ አራት ኪሎ ብቅ በዪና በገንዳው ውሃ እርጥብ እንዳለ ውሰጂው። ሥራው በግማሽ ያጥርልሻል። ወደፊትም ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አታጥቢው፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ስለ ስፋቱ፣ ገንዳሽ እስከ አፉ 112 ሊትር ይይዛል፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ጎደል አድርገሽ ስትሞይው 98 ሊትር ገደማ ይሆናል። ለሁለት ክብ ጎልድፊሽ ልኩ ነው፤ ሦስተኛ አይገባም። ርዝመቱ ከቁመቱ መብለጡ ጥሩ ነው፣ አየር የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ስለሆነ ሰፊ ገጽ ከጥልቀት ይሻላል። ውሃው ብቻውን ወደ 100 ኪሎ ስለሚጠጋ ግን ተራ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪው፤ ወፍራም እግር ያለው የብረት መቆሚያ አሠሪና ከግድግዳው አስጠጊው።

የልደታ እናት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

አመሰግናችኋለሁ። ስፖንጁን ወስጄ አስገብቻለሁ፤ ዛሬም ከልጆቼ ጋር ሱቁን አይተን ተመለስን። መቆማችን ሻጩን አላስከፋውም፣ የጠየቅሁትን ሁሉ መለሰልኝ። ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

በአንዱ ገንዳ ውስጥ ያለ ብርቱካናማ ፋንቴል የስንጥቡ ክዳን ላይ ነጫጭ ነጥቦች አሉት፤ በፊት ክንፉ ጠርዝም እንዲሁ ተሰልፈዋል። ሰውነቱ ላይ ምንም የለም። ሌላውን ዓሣ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ሆዷን ይገፋል። በዚያው ገንዳ የተመገቡ ጊዜ አንዷ እህል የምታህለውን ምግብ አፏ ውስጥ አስገብታ ተፋችው፣ እንደገና ወሰደችው፣ እንደገና ተፋችው፣ ከዚያ ዋጠችው። ይህ ሕመም ነው?

በሁለተኛው ገንዳ ነጭና ቀይ የሆነ በጣም የሚያምር ሪዩኪን አለ። ትንሿ ልጄ ከእርሱ አልለይም ብላ ነበር። ነገር ግን ግልጽ በሆነው ጭራው ውስጥ ቀጫጭን ቀይ መስመሮች ይታያሉ፣ የጀርባ ክንፉም እንደታጠፈ ነው። ሻጩ ከውጭ ከገቡ ገና አራት ቀናቸው ነው አለኝ። ጥቁሮቹ በሦስተኛው ገንዳ ነበሩ፤ አንደኛው የግራ ዓይኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ጋርዶታል፣ ሌሎቹ ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡45

እንደ ሐኪም ነው ያየሽው። ፋንቴሉ ጤነኛ ወንድ ነው፤ ነጥቦቹ የጎለመሰ ወንድ ምልክት ናቸው፣ ሴቷን መከተሉም ያንኑ ያረጋግጣል። ምግብ መትፋቷ ያለ ነገር ነው። ጎልድፊሽ ምግቡን አፉ ውስጥ ያጣጥማል፣ የማይበላውን ለይቶ ይተፋል፤ ጥርሱም ያለው ከንፈሩ አካባቢ ሳይሆን ጉሮሮው ውስጥ ነው። የሚያሳስበው ደጋግሞ ተፍቶ ጨርሶ የማይውጥ ከሆነ ነው።

ሪዩኪኑን ግን ተዪው። ጭራው ውስጥ የሚታዩት ቀይ መስመሮች ያበጡ የደም ሥሮች ናቸው፤ የጉዞው ውሃ በአሞኒያ ተበክሎ፣ ወይም ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ክንፉን ማጠፉ ሲጨመርበት ደኅና አይደለም። አራት ቀን የቆየ ዓሣ ገና ከጉዞው አላገገመም፤ ከጉዞ የተደበቀ በሽታ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይገለጣል። ሱቁ ውስጥ ይገለጥ፤ በልጆችሽ ፊት ከሚሆን ይሻላል። ጭጋጋሙን ጥቁርም አትውሰጂ፣ አብረውት ያሉትን ደግሞ ስትመለሺ እንደገና እዪያቸው።

ኩሬ ጠባቂ (ስድስት ኪሎ) | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጅቷ አልለይም ያለችውን መተው ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። አዝኖ መግዛት ግን ዓሣውን አያድነውም። የታመመውን የሚያድነው ያረፈ ገንዳ፣ የተመጠነ መድኃኒትና ልምድ ያለው እጅ ነው።

መጠኑንም ልብ በዪ። ጭራውን ጨምሮ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያለ ወጣት ይሻላል። ከዚያ ያነሰው ለጉዞም ለብርድም አቅም የለውም፤ በጣም ትልቁ ደግሞ የለመደውን ውሃ መልቀቅ ይከብደዋል።

የፒያሳ ልጅ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ማጓጓዙ ማንም አልጻፈምና እኔ ልጨምር። ዓሣውን በመረብ ሳይሆን በሳህን ወይም በጆግ ከነውሃው ቢያወጣው ይመረጣል፤ የብላክ ሙር ዓይን በመረብ ይጎዳል። ላስቲኩ ሲሦው ውሃ፣ ቀሪው አየር ይሁን። በወፍራም ጋዜጣ ወይም በነጠላ ሸፍኚው፤ ጨለማ ውስጥ ይረጋጋል። ታክሲ ውስጥ ጭንሽ ላይ ያዢው፣ ሞተሩ አጠገብ ባለው ወንበር ግን አትቀመጪ፣ ሙቀቱ ውሃውን ያሞቀዋል። ቤት ስትደርሺ ላስቲኩን እንደታሰረ ገንዳው ላይ ለሩብ ሰዓት አንሳፍፊው፣ ከዚያ ላስቲኩን ፈትተሽ ከገንዳው ውሃ በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጨምሪበት። በመጨረሻ ዓሣውን ብቻ አስገቢ፤ የሱቁ ውሃ ወደ ማፍሰሻ እንጂ ወደ ገንዳሽ አይግባ። በዚያ ቀን ምግብ አትስጪው።

የልደታ እናት | ከአንድ ወር በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ዛሬ ገዛን። ያንን ፋንቴል ሻጩ እስካሁን አልሸጠውም ነበር፤ ሁላችሁም ያላችሁትን እያየሁ ወሰድኩት። ከጥቁሮቹ መካከል ትንፋሹ የተረጋጋውን፣ ከላይ ሲታይ ትከሻው ሞላ ያለውን አንዱን ልጄ ራሱ መረጠ። ሪዩኪኑ የነበረበት ገንዳ ሰማያዊ መድኃኒት ገብቶበት አገኘነው። ሻጩ እርሱን ጨምሮ ብዙዎቹ እንደሞቱ ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ለትንሿ ልጄ ግን አልነገርኳትም።

አሁን ሁለቱም ገንዳውን እየዞሩ ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እኛ ሠፈር መብራት ሲጠፋ አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አይመጣም። ፓምፑ ሲቆም ምን ላድርግ?

ካዛንቺስ ያደግሁ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡35

እንኳን ደስ አላችሁ! በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለ፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ዓይነትም ይገኛል። እርሱ እስኪገዛ ድረስ በጆግ ከገንዳው ውሃ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺ፤ ውሃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጫቸው፤ የበላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ብዙም ያቆሽሻል። ሁለት ዓሣ በ98 ሊትር ውስጥ ከሆነ ሌሊቱን ያልፉታል፣ አትጨነቂ። ሳፋው ውስጥ አዲስ ዓሣ አስቀምጬ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ ዶክተር፤ እስካሁን ነጠብጣብ የለበትም።

የገንዳ ወዳጅ (አራት ኪሎ) | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡50

ማጣሪያሽ ከውጭ የሚቀመጥና የተዘጋ ዓይነት ከሆነ ግን መብራት ለብዙ ሰዓት ከጠፋ በኋላ ወዲያው አታስነሺው። ውስጡ የታፈነው ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ ይበላሻል። ክፈቺውና ያንን ውሃ ድፊው፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቂው፣ ከዚያ አስነሺ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ መግቢያቸው፣ በየሳምንቱም ሩቡን ውሃ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ተኪው።

ኩሬ ጠባቂ (ስድስት ኪሎ) | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጄ፣ ትንሿ ልጅሽ ኮሜቱን ካልረሳችው መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ወደ እኔ ግቢ ይዘሻት ነይ። ያደጉ ኮሜቶች ኩሬ ውስጥ ሲሮጡ ታያለች። ወደፊት ግቢ ያለው ቤት ካገኛችሁና ኩሬ ካሠራችሁ ጥልቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አያንስ። የሲሚንቶ ኩሬ ከሆነ ደግሞ ሲሚንቶው ኖራ እየለቀቀ ውሃውን ስለሚያበላሸው ለሳምንታት ደጋግማችሁ ሙሉትና ድፉት፣ ዓሣው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በክረምት ሞልቶ ሲፈስ ዓሣው አብሮ እንዳይሄድ መውጫው ላይ ወንፊት አድርጉ። ማሳደግ ያቃተው ሰው ወደ ቀበና ወይም ወደ ሌላ ወንዝ እንዳይለቀው ለሁሉም ተናገሪ፤ በሌሎች አገሮች የተለቀቀ ጎልድፊሽ ተራብቶ የሐይቁን ታች እያተራመሰ የአገሬውን ዓሣ ምግብ ነሥቷል። ማሳደግ የከበደው ሁሉ ለእኔ ያምጣው፤ ሳፋ ውስጥ አራት ሳምንቱን ጨርሶ ኩሬው ይገባል።